የላይኛው ጓሮ፣ የታችኛው እንስራ

(የመግቢያ ዜማ፤ ቀስ በቀስ ይወርዳል)

በደምበጫ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ያላችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ መንገዱን ተከትላችሁ የምትሰሙን ሁሉ፣ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ኮሌራ ነው። ቡና ያቀረባችሁ ቡናችሁን እየጠጣችሁ ስሙን። ልጆችም ጠጋ ይበሉ፤ ውኃ የሚቀዱት ብዙውን ጊዜ እነሱ ናቸውና።

ሰኔ 1858 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጣና ዳር ሰፍሮ ነበር። ንጉሡ በዚያ ዓመት በጋ በዳሞትና በአገው ምድር፣ ማለትም ከእኛ ቀዬ ብዙም በማይርቅ አገር ቆይተው ነው ወደ ሐይቁ የወረዱት። ያስከተሉትም ወታደር ብቻ አልነበረም። የወታደሩ ሚስትና ልጅ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ጠላ ጠማቂዋ፣ አሽከሩ፣ በቅሎውና የእርድ ከብቱ ሁሉ አብሮ ይጓዛል። የዚያ ዘመን ሠራዊት ሲሰፍር ትልቅ ከተማ ያህላል፤ መጸዳጃ የሌለው፣ ውኃውንም ከአንድ ዳርቻ የሚቀዳ ከተማ። ሰፈሩ መጀመሪያ ዘጌ ላይ ነበር፤ ኮሌራም እዚያ ተነሣ። ሠራዊቱ ወደ ቆራጣ ከተማ ሲሻገር በሽታው አብሮት ተሻገረ።

ያን ጊዜ ከእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኞች ጋር መጥቶ በንጉሡ እጅ ተይዞ የነበረ ሄንሪ ብላንክ የሚባል ሐኪም ያየውን ጽፎ ትቶልናል። ሰው በየቀኑ በብዙ ይሞት ነበር ይላል። የቆራጣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር በሬሳ ሞልቶ ሌላ መቀበል አቃተው። በአጠገቡ ባሉት መንገዶች ዘመድ አዝማድ ሬሳውን ከብቦ፣ ቀንም ሌሊትም የመቃብር ተራ ይጠብቅ ነበር። ኮሌራ የማረውን ደግሞ ፈንጣጣና ተስቦ ተከትለው መጡበት። አድማጮች፣ አንድ ሬሳ ለመቅበር አገር በሚነቀልበት በእኛ ባህል፣ ቀባሪ ጠፍቶ ሬሳ መንገድ ላይ ማደሩ ምን ዓይነት መዓት እንደነበር አስቡት።

ንጉሡ ዝም ብለው አልተመለከቱም። ሰፈሩን ከከተማዋ ራቅ ብሎ ወደሚገኝ ከፍታ አወጡት። ሞቱ ግን አልቆመም። በመጨረሻ ሠራዊቱን ይዘው ወደ በጌምድር ደጋ ተነሡ። ይህን ውሳኔ ዛሬ ላይ ቆመን ስንመለከተው ልንንቀው አይገባም። ደገኛው ከጥንት ጀምሮ ቆላ ወርዶ የታመመ ሰው ደጋ ሲወጣ እንደሚሻለው ያውቃል፤ ለወባ ልክ ነበር። በዚያው ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞችም ቢሆኑ አብዛኞቹ ኮሌራን የሚያመጣው የሸተተ አየር ነው ብለው ያምኑ ነበር። ኮሌራ ግን የቦታ ከፍታ አያውቅም። በአንጀት ውስጥ ተጭኖ ይጓዛል። የታመመው ሰው ወደ ኮረብታው አብሮ ከወጣ፣ ውጭ ከተጸዳዳና ዝናብ ያንን ጠርጎ ሰው ወደሚቀዳው ውኃ ካወረደው፣ አዲሱ ሰፈር አሮጌውን ሆነ ማለት ነው። ወሩ ደግሞ ሰኔ ነበር።

ያ ወረርሽኝ ከሩቅ የመጣ ነው። በ1865 እ.ኤ.አ. በመካ ለሐጅ በተሰበሰቡ ምእመናን መካከል ገብቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቶ ነበር፤ በቀይ ባሕር ዙሪያ ያሉ ወደቦችም በሽታው ገብቶባቸው ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኮሌራ ወደ አገራችን የገባው አንዴ ብቻ አይደለም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን የከብት እልቂት ገበሬውን ያለ በሬ አስቀረው፤ ርሃብ ተከተለ፤ በርሃብ የተዳከመውንም ሕዝብ ኮሌራና ሌሎች ወረርሽኞች ጨረሱት። አያቶቻችን ያን ዘመን በርሃቡ ብቻ ያስታውሱታል፤ ኮሌራው ግን በዚያ ሁሉ መከራ ውስጥ የራሱን ድርሻ ወስዷል።

(አጭር የዋሽንት ድምፅ)

አሁን በሽታው በሰው ገላ ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንይ። መንስኤው በዓይን የማይታይ፣ በማጉያ መነጽር ሲታይ ጎበጥ ያለ ባክቴሪያ ነው። በተበከለ ውኃ ወይም ምግብ በአፍ ይገባል። ብዙው በጨጓራ አሲድ ይሞታል፤ የተረፈው ትንሹ አንጀት ላይ ተጣብቆ መርዝ ይረጫል። መርዙ አንጀትን አያቆስልም፤ የአንጀቱን ግድግዳ ከሰውነት ውኃና ጨው እየሳበ ወደ ውጭ እንዲያፈስ ያስገድደዋል እንጂ። ለዚህ ነው የኮሌራ ተቅማጥ የሩዝ እጥቢ የሚመስለው፣ ብዙ ጊዜም ቁርጠትና ትኩሳት የማይኖረው። ከባድ የሆነበት ሰው በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ፈሳሽ ሊያጣ ይችላል። ዓይኑ ይሰረጉዳል፣ ቆዳው ቢቆነጠጥ ቶሎ አይመለስም፣ ድምፁ ይሰልላል፣ ሽንቱ ይቆማል። ጠዋት ማሳ ላይ የነበረ ሰው ማታ ሊሞት ይችላል። ከባድ ሕመም የያዘው ሰው ሕክምና ካላገኘ ከሁለት አንዱ ይሞታል። በጊዜው ፈሳሽ ከተተካለት ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞትም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ባክቴሪያው የገባባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ጭራሽ አይታመሙም፤ ወይም ቀለል ያለ ተቅማጥ ይዟቸው ያልፋል። እነሱም ግን ከአንድ እስከ ዐሥር ቀን ባክቴሪያውን ከሰገራቸው ጋር ያወጣሉ። ስለዚህ በሽተኛውን ብቻ ማራቅ አይበቃም። ጤነኛ መስሎ ከጎናችን የተቀመጠው ጎረቤት፣ እኔም ራሴ፣ ሳናውቀው ተሸካሚዎች ልንሆን እንችላለን። ኮሌራን አንድ አባወራ ብቻውን ሊከላከለው የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው። የእኔን ልጅ የሚጠብቃት ከእኔ ሽንት ቤት ይልቅ ከምንጩ በላይ ያለው ጎረቤቴ የቆፈረው ሽንት ቤት ነው። የእሱን ልጅ ደግሞ የእኔ ይጠብቅለታል።

ይህን ዓለም ያወቀው ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ነው። በ1854 እ.ኤ.አ. በለንደን ከተማ ሶሆ በሚባለው ሰፈር ኮሌራ ገባ። ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም የሟቾችን ቤት አንድ በአንድ እየዞረ ውኃ ከየት ትቀዱ ነበር እያለ ጠየቀ። አብዛኞቹ ይቀዱ የነበረው ብሮድ ስትሪት በሚባለው መንገድ ላይ ካለ አንድ የእጅ ፓምፕ ነበር። ከሰፈሩ ራቅ ብላ የምትኖር አንዲት መበለት በኮሌራ ሞታለች፤ ስኖው ሲያጣራ የዚያ ፓምፕ ውኃ ጣዕሙ ስለሚስማማት በየቀኑ ታስመጣ ነበር። እዚያው መንገድ ላይ ባለ የቢራ ጠመቃ ቤት የሚሠሩት ደግሞ ከኮሌራ ተርፈዋል፤ የራሳቸው ጉድጓድ ነበራቸው፣ ቢራም ይጠጡ ነበር። የሰፈሩ ሹማምንት የስኖውን ማስረጃ ሰምተው የፓምፑን እጀታ አስነቀሉት። ከ600 በላይ ሰው ካለቀ በኋላ መነሻው ተገኘ፤ በዚያው መንገድ የታመመ ሕፃን ነበር፣ እናቱ ጨርቁን ያጠበችበት ውኃ የተደፋበት ጉድጓድም ከፓምፑ አንድ ሜትር ያህል ብቻ ይርቅ ነበር። እናቲቱ ምንም ጥፋት የለባትም። እንደ ማንኛዋም እናት የልጇን ጨርቅ አጠበች። ጥፋቱ የሰፈሩ አሠራር ነበር።

ስኖው ሲሞት አብዛኞቹ የሙያ ባልደረቦቹ ገና አላመኑትም ነበር። ጀርመናዊው ሮበርት ኮህ ባክቴሪያውን ለይቶ ያሳየው ከሶሆው ወረርሽኝ ሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ፣ መጀመሪያ በግብፅ ቀጥሎም በህንድ ባደረገው ምርምር ነው። ሆኖም ለሕዝብ የበለጠ አስረጂ የሆነው በ1892 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በሃምቡርግ የደረሰው ነው። ሃምቡርግና አልቶና የሚባሉ ሁለት ከተሞች ተያይዘው ይኖሩ ነበር፤ ድንበራቸው አንዳንድ ቦታ የመንገድ ስፋት ብቻ ነበር። ሁለቱም ከኤልብ ወንዝ ይጠጣሉ። አልቶና እንዲያውም ከታች ሆና የሃምቡርግ ቆሻሻ የገባበትን ውኃ ነበር የምትስበው። ግን በአሸዋ አጣርታ ታከፋፍላለች፤ ሃምቡርግ አታጣራም። በዚያ ዓመት በሃምቡርግ 8,600 ያህል ሰው ሞተ፤ አልቶና ያገኛት ግን ጥቂት ነው። አየሩ አንድ፣ ሰዉ አንድ፣ ወንዙ አንድ። ከዚያ በኋላ አየር ነው የሚለው ክርክር ብዙ አልቆየም።

በአውሮፓ ኮሌራ የጠፋው ሰው በየቤቱ ተጠንቅቆ፣ ወይም አዲስ መድኃኒት ተገኝቶ አይደለም። ከተሞች ገንዘብ አዋጥተው ቧንቧና የፍሳሽ ቦይ ዘረጉ፤ የሞተና የታመመ የሚመዘግብ ባለሙያ ቀጠሩ። የሕዝብ ጤና የምንለው ሥራ በአብዛኛው በዚህ መንገድ ተወለደ።

(አጭር ዜማ)

ወደ አገራችን እንመለስ። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ ኮሌራ አልነበረም፣ የዓለም ኢንፍሉዌንዛ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ብቻ 10,000 ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ነበር። ኅዳር 12 ቀን፣ በሚካኤል ዕለት፣ ጓሮውን ጠርገን ቆሻሻውን የምናቃጥልበትን ልማድ ብዙ ሰው ከዚያ መከራ ጋር ያያይዘዋል። ጭሱ ኮሌራን አይገድልም። አገር በአንድ ቀን በአንድ ሐሳብ ጓሮውን ለመጥረግ መውጣቱ ግን ታላቅ ነገር ነው። በዚያው ቀን ጓሮ ከመጥረግ አልፈን የመንደሩን ምንጭ አጥር ብንጠግን፣ የሞላ ሽንት ቤት ብንዘጋና አዲስ ብንቆፍር ብዬ ሁልጊዜ እመኛለሁ።

የሕዝብ ጤና ትምህርት በአገራችን ሥር የሰደደው በጎንደር ነው። በ1945 ዓ.ም. ገደማ ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ጨረሰ። ከዚያ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም.፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። እዚያ የሚሰለጥኑት የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነበሩ፤ ሦስቱም በአንድ ቡድን ወደ ወረዳ ይላካሉ። አንዱ ያክማል፣ አንዷ እናቶችን ትከታተላለች፣ አንዱ ምንጭና ሽንት ቤት ይመለከታል። ይህ አደረጃጀት እስከ ዛሬ አርጅቷል አልልም። ከሐኪሙ እኩል ጉድጓድ የሚያይ ሰው ለአንድ ወረዳ እንደሚያስፈልግ በዚያን ጊዜ ማወቃቸው ትልቅ አስተዋይነት ነው።

ቢሆንም ኮሌራ አልቀረም። ከእስያ የተነሣው የዘመናችን ወረርሽኝ በ1970 እ.ኤ.አ. አፍሪካ ሲገባ ኢትዮጵያንም አገኛት። በ1998 ዓ.ም. ከጋምቤላ ተነሥቶ ወደ ኦሮሚያና ወደ አማራ ተዛመተ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ በኩል የጀመረው ደግሞ ከክልል ክልል እየተሸጋገረ ብዙ ወራት ቆየ። በዜናና በሪፖርት ብዙ ጊዜ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ ባጭሩ አተት ሲባል ትሰማላችሁ። በየትኛውም ስም ብትሰሙት በቤታችሁ የምትወስዱት እርምጃ አንድ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለገጠሩ የመጣ ትልቁ ለውጥ ነው። በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ባለሙያዎች፣ አብዛኞቹ የዐሥረኛ ክፍል ትምህርታቸውን ጨርሰው አንድ ዓመት የሰለጠኑ፣ ጤና ኬላ ላይ ተመደቡ። ከ30,000 በላይ ሆኑ። እነዚህን ወጣት ሴቶች ስንቶቻችን እንደምናከብራቸው አላውቅም። በዝናብ፣ በጭቃ፣ ከጎጥ ጎጥ በእግር እየዞሩ፣ በራቸውን የዘጉባቸውን ሰዎች ደጋግመው እያንኳኩ፣ የዚህን ደጋ ልጆች ከሞት አድነዋል።

ከእነሱ ጋር በአንድ ዘመን በዚሁ በጎጃም የሆነ ነገር ልንገራችሁ። በምሥራቅ ጎጃም በሁለት እጁ እነሴ ወረዳ የዓይን ማዝን፣ ማለትም ትራኮማን፣ ለመከላከል የሽንት ቤት ቁፋሮ ተጀመረ። ትራኮማን የምታዛምተው ዝንብ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ሰገራ ላይ ነውና። የካርተር ማዕከል በሚደግፈው በዚያ ሥራ በ2004 እ.ኤ.አ. በአማራ ክልል የታቀደው 10,000 ሽንት ቤት ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ከ89,000 በላይ ተቆፍሮ ተገኘ። ሲሚንቶ የለ፣ ቆርቆሮ የለ፤ ጉድጓድ፣ እንጨት፣ ጭቃና የሣር ክዳን ብቻ። ሥራውን የገፉት ሴቶች ናቸው። ምክንያቱን እናንተ እናቶች ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ገላጣ አገር ላይ ወንዱ በፈለገበት ሰዓት ዞር ይላል፤ ሴት ግን እስኪጨልም ትጠብቃለች። ቀኑን ሙሉ እያመማት፣ ማታ ደግሞ ጅብና ክፉ ሰው እየፈራች። ሽንት ቤት ማለት ለእነሱ ከበሽታ መጠበቂያ ከመሆኑ በፊት ከዚህ ጭንቅ መውጫ ነበር። ባሎቻቸው እንዲቆፍሩ ወጥረው ያዟቸው፤ እምቢ ያለ ባል ባለበትም ራሳቸው ዶማ አነሡ። ከላይ የወረደ ትእዛዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዘጠኝ እጥፍ አይሠራም ነበር ባይ ነኝ። ቁጥር ለማሟላት የተቆፈረ፣ ክዳን የሌለው፣ እህል የሚከማችበት ሽንት ቤትም በየቦታው አይተናል። ሰው የሚጠቀምበት ለራሱ ብሎ የሠራውን ነው።

(አጭር ዜማ)

አሁን ስለ ደምበጫና ስለ ዙሪያዋ እንነጋገር። ጠምጫን ታውቁታላችሁ። ከጮቄ ተነሥቶ፣ በመንገዱ ብዙ ጎጥና ማሳ አጠጥቶ፣ ከብር ወንዝ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ዓባይ ይወርዳል። የላይኛው ጎጥ ልብሱን ያጥብበታል፤ የታችኛው ጎጥ እንስራውን ይሞላበታል። በክረምት ደግሞ ከየገደሉና ከየጥሻው የሚታጠበው ነገር ሁሉ መጨረሻው ወንዙና ዝቅ ያለው ምንጭ ነው። ኮሌራ ባይኖርም እንኳ ተራ ተቅማጥ በሰኔና በሐምሌ ሕፃናትን የሚያጠቃው በዚህ ነው።

ሁለተኛው ነገር መንገዱ ነው። ደምበጫ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ናት። ከጎጃም ደጋ በየዓመቱ ብዙ ወጣት ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ሑመራ ይወርዳል። እዚያ በረሃ ላይ ኩሬና ወራጅ ውኃ ይጠጣል፤ መጸዳጃ ያለበት የእርሻ ካምፕ ጥቂት ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቋራ በሚገኘው በበርሚል ጊዮርጊስ ጠበል ኮሌራ ተነሥቶ ነበር። ከመላ አገሪቱ ለፈውስ የመጣ እጅግ ብዙ ሕመምተኛ በአንድ ቦታ ተጠጋግቶ ይኖር ነበር፤ የመጸዳጃና የንጹሕ መጠጥ ውኃ አቅርቦቱ ግን ለዚያ ብዛት አይበቃም ነበር። እምነትን የሚነካ ነገር አላነሣም፤ እኔም የማከብረው ነው። ጠበል ቦታ ላይ መጸዳጃ መሥራት፣ የሚጠጣውን ከሚጠመቁበት መለየት፣ እጅ መታጠቢያ ማቆም ለጠበሉ ክብር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ካህናቱና የሰበካ ጉባኤው ቢናገሩት ደግሞ ከእኔ ይልቅ ይሰማሉ። ከበረሃም ሆነ ከጠበል የተመለሰ ልጅ ወይም ዘመድ ተቅማጥ ካለበት በዚያው ቀን ለጤና ኬላ ይነገር። መደበቅ ለቤተሰቡ ውርደት የሚያስቀር ይመስላል፤ የሚያስከትለው ግን ቀብር ነው።

አሁን ወደ ቤታችን። ውኃ ሲፈላ ብቅ ብቅ ማለት እንደ ጀመረ አታውርዱት። ደምበጫ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ ውኃ ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚፈላ፣ ተንተክትኮ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ማገዶ ለሚቸግረው ውኃ አጋርን የመሰለ የክሎሪን ማከሚያ አለ፤ በዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ጀሪካን ውስጥ ጨምሮ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። ውኃው ደፍርሶ ከሆነ አስቀድሞ በንጹሕ ነጠላ ይጠለል። ማከሚያውን ጨምረን ስናበቃ ግን በቆሸሸ ጣሳ እየጠለቅን ብንቀዳ ድካሙ ከንቱ ነው፤ ጠባብ አፍ ካለው ጀሪካን አዘንብሎ መቅዳት ይሻላል።

ስለ ጠላ የግድ ልናገር። የለንደኖቹን ቢራ ጠማቂዎች ሰምታችሁ ጠላ መድኃኒት ነው እንዳትሉኝ። የእነሱ ቢራ ሲጠመቅ ይፈላል። ጠላ ግን ጥሬ ውኃ ተጨምሮበት ይበጠበጣል፤ ውኃው ከተበከለ ምንጭ ከሆነ መተማመኛ የለም። አረቄ ጠጥቶ በሽታውን አቃጥለዋለሁ ማለትም ሰው ገድሏል። በድግስ ቤት ደግሞ አንድ ሳፋ ውኃ ውስጥ መቶ ብርጭቆ እየነከሩ ማቅረብ ከጠላው የባሰ አደገኛ ነው። ወረርሽኝ ባለበት ሰሞን ጠላ ጠማቂዎች በታከመ ውኃ ቢጠምቁና ብርጭቆውን በክሎሪን ውኃ ቢያጥቡ፣ ጠጪውንም ገበያቸውንም ያድናሉ።

ሽንት ቤት ከምንጭ ወይም ከእጅ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከምንጩም በታች ይሁን እንጂ በላይ አይሁን። አጠገቡ ቀዳዳ ያለው ጀሪካን አንጠልጥሉ፤ ሳሙና ከጠፋ አመድም ያጸዳል። የሕፃን ሰገራ ምንም አይደለም የሚለው አባባል ስሕተት ነው፤ እሱም ሽንት ቤት ይግባ። በክልላችን ብዙ ምንጮች በሲሚንቶ ጎልብተዋል፣ የእጅ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል፤ በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ በተሠሩት ዘንድ ገንዘቡን ተቀብሎ ግንባታውን ያሠራው ተጠቃሚው የመረጠው የውኃ ኮሚቴ ራሱ ነው። ይህ አሠራር ብዙ ቦታ ጥሩ ውጤት አምጥቷል። ፓምፑ ሲሰበር የሚጠግነው ገንዘብ ግን ከየቤቱ በየወሩ ይዋጣል፤ ኮሚቴው ሲዳከምና መዋጮው ሲቆም ሰው ተመልሶ ወራጅ ውኃ ይቀዳል። የመንደራችሁ ኮሚቴ መቼ እንደ ተሰበሰበ፣ ሣጥኑ ውስጥም ምን ያህል እንዳለ ነገ ጠይቁ።

ለቅሶ ላይ ያለው ችግር ከባድ ነው፤ እያዘንኩ ነው የምናገረው። በኮሌራ የሞተ ሰው ገላ አሁንም ባክቴሪያ ያወጣል። ገናዦች ያለ ጓንትና ያለ ክሎሪን ካጠቡት፣ ከዚያም እጃቸውን በሚገባ ሳይታጠቡ እዝን ከበሉ፣ በሽታው ከአንድ ቤት ወጥቶ በአንድ ቀን ሃያ ቤት ይገባል። እድሮች አስቀድመው ከጤና ጣቢያው ጋር ይነጋገሩ። ሬሳው በባለሙያ ወይም በሰለጠነ ሰው ይገነዝ፣ ፍትሐቱ እንደ ሥርዓቱ ይደረግ፣ ድግሱ ግን ወረርሽኙ እስኪያልፍ ይቆይ። ለሟች የሚገባውን ክብር ሳንነሳ ሕያዋንን መጠበቅ እንችላለን።

በመጨረሻ፣ ዛሬ ሌሊት አንድ ሰው ድንገት ተቅማጥና ትውከት ቢይዘው ምን ይደረጋል? መጋኛ መታው ብላችሁ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት እየቀጠቀጣችሁ ሰዓቱን አታሳልፉ። የሚገድለው የፈሳሹ ማለቅ ነው፤ ስለዚህ ወዲያውኑ ማጠጣት ጀምሩ። ኦአርኤስ ካለ አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር የታከመ ውኃ፣ ማለትም በአንድ ሊትሩ የሃይላንድ ጠርሙስ ልክ፣ በጥብጡ። ከሌለ በዚያው አንድ ሊትር ውኃ ላይ ያልተቆለለ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ፤ ጨው ከዚህ አይብዛ፣ በተለይ ለሕፃን አደገኛ ነው። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል። በ1971 እ.ኤ.አ. ከባንግላዴሽ ጦርነት ሸሽተው ህንድ ድንበር ላይ በሰፈሩ ስደተኞች መካከል ኮሌራ ሲነሣ፣ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባል ሐኪም በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አልቆበት ይህንኑ ስኳርና ጨው በበርሜል በጥብጦ ቤተሰቦች በሽተኞቻቸውን እንዲያጠጡ አደረገ። ከመቶ ወደ 30 ይጠጋ የነበረው ሞት ከ4 በታች ወረደ። ያጠጡት እናቶችና ወንድሞች ነበሩ።

ካስመለሰው ዐሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ በማንኪያ ቀስ በቀስ ቀጥሉ። ሕፃን ጡት መጥባቱን አያቁም። እያጠጣችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ቃሬዛም ይሁን ባጃጅ፣ በመንገድ ላይም ማጠጣቱ አይቋረጥ። የተኛበትንና የለበሰውን ምንጭ ወይም ወንዝ ላይ አትጠቡ፤ በክሎሪን ውኃ ዘፍዝፋችሁ እጥቡትና እጣቢውን ሽንት ቤት ድፉት። ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም የዚያኑ ሌሊት፣ ካልተቻለ ሲነጋ ንገሯት፤ ጎረቤቱ ውኃውን የሚያክምበትን ክሎሪን የምታመጣው እሷ ናት።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ለአንድ ቤተሰብ የሚበቃ ሽንት ቤት በአካባቢያችን በሚገኝ እንጨትና ጭቃ እንዴት እንደሚሠራ፣ ጥልቀቱንና ስፋቱን እየለካን እንሄዳለን። ዶማና ገመድ አዘጋጁ፤ ለልኩም ወረቀትና እርሳስ ያዙ። እስከዚያው ደኅና ሁኑ።

(የመዝጊያ ዜማ)